ከበሬ ውዳሴ እስከ ጦርነት ልጅ ኑዛዜ

አንድ ዘፋኝ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ዘፈን አከማችቶ አልበም ብሎ ቢያወጣ፥ ሰበሰበ እንጂ ደረሰ ለማለት አይቻልም። ደረሰ የሚባለው ዘፈኖቹ ሁሉ ለአንድ ሐሳብ ሲገዙና አንደኛው ሌላውን ሲያብራራ ነው። በዚህ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው አንድ ሥራ ለጋምቤላ ቅርብ ነው፤ ይኸውም ኢማኑኤል ጃል እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ዋርቻይልድ» ነው፤ ትርጓሜውም «የጦርነት ልጅ» ማለት ነው።

ጃል በደቡብ ሱዳን የተወለደ የኑዌር ልጅ ነው። እናቱ በጦርነቱ ሞተች፤ አባቱ ከዐማፅያኑ ጋር ተሰለፈ። እርሱም ገና ሕፃን ሳለ፥ ትምህርት ቤት ታገኛላችሁ ተብለው በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ከተጓዙት ብዙ ሺህ ልጆች አንዱ ሆነ። በዚያ ዘመን በጋምቤላ ምድር፥ በኢታንግና በፑኝዶ፥ ታላላቅ የስደተኞች ሠፈሮች ነበሩ። ጃል ፊደል ፍለጋ መጥቶ ጠመንጃ ተማረ። የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. በወደቀ ጊዜ ስደተኞቹ ወደ ሱዳን ተመለሱ። በኋላም ኤማ ማኩን የተባለች እንግሊዛዊት የርዳታ ሠራተኛ ልጁን በአይሮፕላን ደብቃ ወደ ኬንያ አወጣችው፤ እርስዋ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 በናይሮቢ በመኪና አደጋ ሞተች።

የአደራረሱን መንገድ ለማወቅ ከዚህ አልበም በፊት የነበረውን መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2005 «ሲዝፋየር» የተባለውን አልበም ከአብደል ጋድር ሳሊም ጋር አወጣ። እኒህ ሰው የሰሜን ሱዳን ተወላጅና እስላም፥ የታወቁም የዑድ ተጫዋች ናቸው፤ ጃል ደግሞ የደቡብ ሰውና ክርስቲያን፥ ያውም የቀድሞ ሕፃን ወታደር ነው። የአልበሙ ሐሳብ ዕርቅ ስለ ሆነ፥ ሁለት ጠላት የሚባሉ ድምፆች ጎን ለጎን መቆማቸው ብቻ ትርጉሙን ይናገራል። በ«ዋርቻይልድ» ግን ሁለተኛ ሰው የለም። የሚታረቁት ሁለቱ ያው አንድ ሰው፥ ማለትም ያ የሸሸው ልጅና ዛሬ የሚዘፍነው ጎልማሳ ናቸው።

ብዙዎች ይህን ሥራ ራፕ በተባለው ስልት ስለ ተዘፈነ ከአሜሪካ የተቀዳ ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን በኑዌር ልማድ ወጣቱ ለአካለ መጠን ሲደርስ በሬ ይሰጠዋል፤ በበሬውም ስም ይጠራል፤ የበሬውን መልክና ቀንድ እያወደሰ የራሱን ዘፈን ይደርሳል። እንግሊዛዊው የሕዝቦች አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ገልጾታል። በእኛ አስተያየት የጃል አልበም የዚህ ልማድ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ጃል በሬ የሚቀበልበት ዕድሜ ሳይደርስ ጠመንጃ መቀበሉ ነው። ስለዚህ ስሙን የወሰደው ከበሬ ሳይሆን ከጦርነት ሆነ፤ ውዳሴውም ወደ ኑዛዜ ተለወጠ።

ኑዛዜው ከሁሉ ይልቅ የሚጠናው «ፎርስድ ቱ ሲን» በተባለው ዘፈን ነው። በዚያ ሲሸሹ ረኀብ እንዴት እንደ ጠናበትና የሞተ ጓደኛውን ሥጋ ለመብላት እስከ መፈተን እንደ ደረሰ ይናገራል። «ኤማ» ላወጣችው ሴት ምስጋና ነው። «ፊፍቲ ሴንት» በሚለውም በዚሁ ስም የታወቀውን አሜሪካዊ ዘፋኝ፥ ጠመንጃን የልጆች ጨዋታ አደረግህ ብሎ ይወቅሳል። ይህ ወቀሳ ክብደት የሚያገኘው የቀሩት ሁለቱ ዘፈኖች በአጠገቡ ስላሉ ነው፤ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ተራ ተግሣጽ በሆነ ነበር። ይህም «ኖ ብሊንግ» በሚለው ይታወቃል፤ በዚያ ስለ ጌጥ ወዳድነት ሲመክር ትዝታው ይርቅና ምክሩ ብቻ ይቀራል።

በዚያው ስም እ.ኤ.አ. በ2008 ዘጋቢ ፊልም፥ በ2009 ደግሞ መጽሐፍ ወጥቷል። ጃል ታሪኩን መናገር ሌሊት ቅዠት እንደሚያመጣበት ገልጿል፤ ሙዚቃ ግን ማስታገሻ እንደ ሆነለት መስክሯል። ምክንያቱም የሚሰወር አይደለም። ጠያቂ ሲጠይቀው ሁሉን መናገር ይገደዳል፤ ሲደርስ ግን የሚናገረውንና የሚተወውን የሚመርጥ እርሱ ራሱ ነው። ቍስል ጥበብ የሚሆነው በዚህ ምርጫ ነው፤ ያለ ምርጫ ቢደጋገም ግን ለተመልካች ርኅራኄ የሚቀርብ ሸቀጥ ይሆናል።

ጃል እ.ኤ.አ. በ2018 ከእኅቱ ከኛሩዋች ጋር «ናዝ» የተባለውን አልበም ባወጣ ጊዜ ወደ ኑዌርኛ ተመልሷል፤ ቃሉም «ሰዎች» ማለት ነው። ይህ መመለስ ለእኛ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደ ገና ከተነሣ ወዲህ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተሰድዷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። መምህራን እነዚህን ልጆች «ያያችሁትን መከራ ንገሩን» ከማለት ይልቅ፥ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መድረስን ቢያስተምሯቸው ይበጃል። መከራውን ስንጠይቃቸው ምስክር እናደርጋቸዋለን፤ መድረስን ስናስተምራቸው ግን የታሪካቸው ባለቤት ይሆናሉ።