የእስፓንኛ ግስ እርባታ ለጀማሪዎች፦ በመማሪያ መጻሕፍት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሒስ

ለጀማሪ ተብሎ የተዘጋጀ የቋንቋ መጽሐፍ ዋጋው የሚመዘነው በያዘው የሕግ ብዛት አይደለም፤ ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀውን ቋንቋ ለአዲሱ ዕውቀት መወጣጫ ለማድረግ በመቻሉ ነው። በሀገራችን እስፓንኛ ለመማር የሚነሣ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተሰናዳ መጽሐፍ ነው። ስለሆነም አንዱን ባዕድ ቋንቋ በሌላው ባዕድ ቋንቋ በኩል ለመሻገር ይገደዳል። በመንገዱም ላይ የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ችግር የእርሱም ችግር እንደሆነ ተቆጥሮ ይቀርብለታል።

እስፓንኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ከእነዚህም መካከል አባቶቻቸውን በኢትዮ ሶማሊያ ጦርነት ያጡ ብዙዎች፣ ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት በእስፓንኛ ተምረዋል። እነዚያ ተማሪዎች ቋንቋውን ከመጽሐፍ በተጨማሪ ከመኝታ ቤት፣ ከእርሻ ማሳና ከጨዋታ ሜዳ ቀስመውታል። በሀገሩ ተቀምጦ የሚማር ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ያለው መጽሐፉ ብቻ ነው። የመጽሐፉ ጉድለት የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የግሱ ሰንጠረዥ አሰላለፍ ነው። መጻሕፍቱ «አብላር» ማለትም «መናገር» የሚለውን ግስ ይዘው «ዮ አብሎ» (እናገራለሁ) ከሚለው ይጀምራሉ፤ ተውላጠ ስሙ ሊቀር የሚችል መሆኑንም እንደ ታላቅ ምሥጢር ያብራራሉ። አማርኛ ተናጋሪ ግን «እናገራለሁ» ለማለት «እኔ» ማለት እንደማያሻው ከእናቱ ጉያ ጀምሮ ያውቃል። ይልቁንም በምሥራቅ ጎጃም በደባይ ጥላትግን ወረዳ ከቁይ ተነሥቶ ወደ ዲማ ወይም ወደ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት የሚሄድ ተማሪ የግዕዙን ግስ በዐሥሩ መራሕያን ያረባል። የሚጀምረውም «ውእቱ» ከሚለው ከሦስተኛው መደብ ነው፤ ምክንያቱም ግሱ ከቅጥያ ነጻ ሆኖ የሚገኘው በዚያ ስለሆነ ነው። ይህ ሥርዓት ለእስፓንኛውም ይስማማል። «አብላ» (ይናገራል) ከሚለው ብንነሣ፣ «ስ» ስንጨምር «አብላስ» (ትናገራለህ)፣ «ሞስ» ስንጨምር «አብላሞስ» (እንናገራለን)፣ «ን» ስንጨምር «አብላን» (ይናገራሉ) ይሆናል። ከመስመር የሚወጣው «አብሎ» ብቻ ነው። ስፔን ውስጥ «እናንተ» ለማለት የሚነገረው «አብላይስ» በኩባም ሆነ በሌሎቹ የላቲን አሜሪካ አገሮች የዕለት ንግግር የማይሠራበት ስለሆነ ለጀማሪው ቢዘገይ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ አክብሮት አነጋገር ነው። «ኡስቴድ» የሚለው የአክብሮት ተውላጠ ስም በትርጉም ሁለተኛ፣ በግስ ግን ሦስተኛ መደብ መሆኑ በመጻሕፍቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ነገር ይተረካል። ታላቁን ሰው «እርስዎ ይናገራሉ» ብሎ «እነርሱ ይናገራሉ» በሚልበት ግስ ለሚያነጋግር ሕዝብ ይህ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚብሰው፣ ስለ ዘንድ አንቀጽ ነው። ይህ ክፍል በአብዛኛው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ተገፍቶ፣ ጀማሪውን በሚያስፈራ ማስጠንቀቂያ ታጅቦ ይገኛል። የግዕዝ ተማሪ ግን ቀደሰ ብሎ ኃላፊውን፣ ይቄድስ ብሎ ትንቢቱን፣ ይቀድስ ብሎ ዘንዱንና ትእዛዙን በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል። ዘንዱና ትእዛዙ በቅርጽ አንድ መሆናቸውንም ያውቃል። በእስፓንኛም «ኪዬሮ ኬ አብሌ» (ይናገር ዘንድ እሻለሁ) እና «አብሌ ኡስቴድ» (ይናገሩ) የሚሉት ግሱን በአንድ ቅርጽ ይዘውታል። ታዲያ ለሌላው አስቸጋሪ የሆነው ለእኛ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ የሚቀመጥበት ምክንያት ምንድን ነው? እንደዚሁም «አብላባ» የሚለው ያልተፈጸመ ኃላፊ «እናገር ነበር» ወይም «ይናገር ነበር» ከሚለው አማርኛ ጋር ሲነጻጸር ረጅም ሐተታ አያስፈልገውም።

ይህን ስንል ግን የሀገራችን ቋንቋዎች ሁሉንም በር ይከፍታሉ ማለታችን አይደለም። እስፓንኛ «መምህር ነው» ለማለት «ሴር»፣ «ቤት ነው» ለማለት ደግሞ «ኤስታር» የሚሉትን ሁለት ግሶች ይለያል፤ የእኛ «ነው» ሁለቱንም ስለሚሸፍን ተማሪው እዚህ ላይ መሳሳቱ አይቀርም። ሌላው ወጥመድ ፊደላችን ነው። «እናገራለሁ» እና «ተናገረ» ማለት የሆኑት ሁለት ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «አብሎ» ናቸው፤ የሚለያቸው ድምፅ የሚነሣበት ስፍራ ነው፤ በመጀመሪያው ቃል ፊተኛው፣ በሁለተኛው ኋለኛው ክፍል ይነሣል። ስለዚህ በፊደላችን ብቻ የሚያስጠና መምህር ተማሪውን ያሳስታል። ሆኖም ንባብ ቤት ተነሽና ወዳቂ እየለየ ያነበበ ልጅ የድምፅ መነሣትና መውደቅ ትርጉም እንዳለው ስለሚያውቅ፣ መምህሩ ይህን ቢያስታውሰው በቶሎ ይገባዋል። ከዚህም ሌላ ቃሉን ሳይናገሩበት ሰንጠረዡን በቃል መያዝ ብቻውን ተናጋሪ አያደርግም፤ ቅኔ ቤቱም ቢሆን ግሱን የሚያስጠናው ተማሪው ቅኔ እንዲቆጥርበት እንጂ ለጥናቱ ሲል አይደለም።

ሰዋስውን ለተማሪው እንደሚስማማ አድርጎ ማሰናዳት በእስፓንኛው ታሪክ ውስጥም የታወቀ ነገር ነው። አንቶንዮ ዴ ኔብሪሃ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሳተመው የካስቲልያ ቋንቋ ሰዋስው አምስተኛውን መጽሐፍ ቋንቋውን ለሚማሩ ባዕዳን መድቦታል። አንድሬስ ቤዮም በ1847 ሰዋስዉን ሲጽፍ ለአሜሪካውያን አገልግሎት ብሎ ሰይሞታል፤ እስፓንኛን በላቲን ሚዛን መመዘንንም ተቃውሟል። እነርሱ ለራሳቸው ተማሪ ያሰቡትን ያህል እኛም ለራሳችን ተማሪ ማሰብ ይገባናል።

በመሆኑም ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሰናዳ የእስፓንኛ መጀመሪያ መጽሐፍ፣ አንደኛ፣ እርባታውን ከሦስተኛው መደብ ቢጀምር፤ ሁለተኛ፣ የአክብሮት አነጋገርንና የዘንድ አንቀጽን ወደ ፊት ቢያመጣ፤ ሦስተኛ፣ «ሴር» እና «ኤስታር»ን እንዲሁም የድምፅ አነሣሥን በሰፊ ልምምድ ቢያጠነክር፤ አራተኛ፣ እያንዳንዱን ሰንጠረዥ በንግግር ቢያስከትል መልካም ነው ብለን እናምናለን። ችግር በሌለበት ቦታ የሚጠፋው የተማሪው ጊዜ፣ ችግር ባለበት ቦታ የሚጎድልበት ጊዜ ነውና።