ከላይ ነው ከታች?

ሦስት ቃል ናት። ሦስት ቃል ብቻ! «ከላይ ነው ከታች?» የምትል። ይህቺን ጥያቄ ከሰማሁ ወዲህ የማንንም ሰው የአበባ ማሰሮ ጎንበስ ብዬ ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። ደስታዋም ለብቻ የሚያዝ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

መነሻው አንድ የቡና ችግኝ ነው። ከጅማ ከነአፈሩ መጥቶልኝ፣ በነጭ የቀለም ባልዲ ተክዬው፣ የኮንዶሚኒየም ሳሎኔ መስኮት ሥር ሁለት ዓመት አምሮበት ኖሯል። ነሐሴ ላይ አዲስ የሚያወጣቸው ቅጠሎች ሁሉ ቢጫ ሆኑ። ተራ ቢጫ አይደለም፤ የቅጠሉ ገላ ገርጥቶ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። በቢጫ ሻሽ ላይ በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ ይመስል ነበር። አንዷ ጎረቤቴ «ውኃ ጠምቶት ነው» አለችኝ፤ አጠጣሁት። ሌላው «ማዳበሪያ ነው የሚያስፈልገው» አለ፤ ዩሪያ ጨመርኩለት። ባሰበት።

አንዱን ቅጠል ቀጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝኩ አትክልት ተራ ሄድኩ። ጅምላ ንግዱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ወጥቶ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ሰፈሩ የድሮው አይደለም። ስሙ ግን ከቦታው አልተነሣም፤ ጎመንና ቆስጣ ማዳበሪያ ላይ ዘርግተው የሚቸረችሩ እናቶችም ከአካባቢው አልጠፉም። (ጆንያውን «ማዳበሪያ» ማለታችን ራሱ ደስ ይለኛል፤ ዩሪያው ተዘርቶ አልቆ ስሙ ከረጢቱ ላይ ቀርቷል።) ከእነዚያ እናቶች አንዷ ደንበኛዬ ናቸው። ጎመን ሲተክሉ፣ ሲቀጥፉና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እማማ፣ ይሄ ምን ነክቶት ይመስልዎታል?» ብዬ ቅጠሉን ሰጠኋቸው።

ቢጫውን እንኳ ትኩር ብለው አላዩትም። «ከላይ ነው ከታች የቀጠፍሽው?»

«ከላይ። አዲሱ ቅጠል ነው።»

«የታችኞቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው አልራበውም ልጄ። ቢርበው ኖሮ የታቹን ነበር የሚበላው። ሥሩ ታፍኖ ነው። ውኃው መውጫ አለው?»

የቀለም ባልዲ! ከየት መውጫ ይኖረዋል? ቤቴ ስደርስ ባልዲውን ዘንበል አድርጌ ችግኙን ከነአፈሩ አወጣሁት። የታችኛው አፈር ጭቃ ሆኗል፤ የረግረግ ሽታ አለው፤ ነጭ መሆን የነበረባቸው የሥር ጫፎች ቡናማ ሆነው በጣት ሲነኩ ይሟሽሻሉ። በበጋ የማጠጣውን ልክ በክረምትም ሳልቀንስ ሳፈስበት ነበር። ፀሐይ በሌለበት፣ ቅዝቃዜው በበረታበት ወር የአዲስ አበባ መስኮት ሥር ያለ ተክል ያን ሁሉ ውኃ አይጠጣም።

እማማ የነገሩኝን ይዤ መጻሕፍት ሳገላብጥ አመሸሁ፤ ያገኘሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ተክል ከሚመገባቸው ነገሮች መካከል መንቀሳቀስ የሚችሉና የማይችሉ አሉ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሺየምና ማግኒዥየም ይንቀሳቀሳሉ፤ አፈሩ ሲነጥፍ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየፈታ ወደ ቀንበጡ ይልካቸዋል። እናት ከአፏ ነጥላ ለልጇ እንደምታጎርስ ማለት ነው። ስለዚህ ረሃብ ሲገባ ቀድሞ የሚገረጣው የታችኛው ቅጠል ነው። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከሰፈሩበት ቅጠል ንቅንቅ አይሉም፤ ርስቱን አልለቅም እንዳለ ባላገር እዚያው ይቀመጣሉ። እነሱ ሲጎድሉ አሮጌው ቅጠል ድርሻውን ይዞ አረንጓዴ እንደሆነ ይኖራል፤ ባዶ እጁን የሚወለደው አዲሱ ነው።

አሁን ይህን አስቡት። የማግኒዥየም እጥረትም የብረት እጥረትም ቅጠሉን አንድ ዓይነት ያስመስሉታል፦ ገላው ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ። ቅጠሉን ብቻውን ነጥላችሁ ብታዩት ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ከታች ከሆነ ግን ማግኒዥየምን፣ ከላይ ከሆነ ብረትን ጠርጥሩ። ምልክቱ አንድ፣ ፎቁ የተለያየ! እማማ ቀለሙን ትተው ፎቁን የጠየቁት ለዚህ ነበር።

የእኔ ቡና ደግሞ ጉዱ ይብሳል። የጅማ አፈር ቀይ የሆነው እኮ ብረት ስላለበት ነው! ችግኜ ብረት ውስጥ ተቀምጦ ብረት ተርቧል፤ የታፈነ ሥር አየር ስለማያገኝ ፊቱ የተቀመጠውን ማዕድ ማንሳት አይችልም። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ዩሪያ እጨምርለታለሁ።

በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. እዩዜብ ግሪስ የሚባል ፈረንሳዊ የገረጡ ቅጠሎችን በብረት ጨው የተበጠበጠ ውኃ ቀባቸው፤ የነካው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ተመለሰ። ቅጠሉ ሕመሙን በራሱ ገላ ላይ ጽፎ፣ መድኃኒቱንም በራሱ ገላ ላይ አሳየ። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ።

በሳምንቱ አትክልት ተራ ስመለስ ገበያው ሌላ ሆኖ ታየኝ። የጎመን እስር አንሥቼ አየሁ፤ ቢጫው ቅጠል የታችኛው ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ ጥቅል ጎመን አየሁ፤ ውጪው ድንቅ፣ መሐሉ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ግን ጠርዛቸው ተቃጥሏል፦ ካልሲየም! ከመቂና ከዝዋይ በኩል በሳጥን ከሚመጣው ቲማቲም መሐል ቂጡ ጠቁሮ ወደ ጎን የሚጣለውስ? እሱም ያው ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ውኃ ተከትሎ ነው፤ ማሳው አንዴ ደርቆ አንዴ ሲጥለቀለቅ ፍሬው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ስንት ዓመት «የተበላሸ ቲማቲም» እያልኩ ያለፍኩት የመስኖ ታሪክ ኖሯል!

የተቀሩትን ምልክቶች በሩጫ ልበላችሁ። የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ ብቻ ከተቃጠለ ፖታሺየምን ጠርጥሩ። በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ነጠብጣብ ከታየ ነጭ ወረቀት ሥሩ ዘርግታችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉት፤ ወረቀቱ ላይ የወደቀው አቧራ መራመድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት ነው። የሚያጣብቅ ነገር ካለ ክሽክሽ ፈልጉ። የቡና ቅጠል ሥር ብርቱካንማ ዱቄት ካገኛችሁ የቅጠል ዝገት ነው፤ በ1869 እ.ኤ.አ. ሲሎን ላይ ተለይቶ የዚያችን ደሴት የቡና እርሻ ያጠፋው ፈንገስ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የምታጠጡ ደግሞ ድራሴናችሁ ጫፉ ቢደርቅ አትደነቁ፤ ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ የእሱንም ጫፍ ያቃጥላል።

ቡና በማሰሮ ማሳደግ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ1714 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳም ከንቲባ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ተክል በስጦታ ልኮላቸው ፓሪስ ውስጥ በመስታወት ቤት አሳድገውታል። ዘሩ በየመን አድርጎ የወጣው ከእኛው ጫካ ነው። ያን ተክል ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ስንት ማለዳ ቅጠሉን እያገላበጡ ተጨንቀው ይሆን!

ባልዲውን በጋለ ሚስማር ስድስት ቦታ በሳሁት። የሞተውን ሥር ቆረጥኩ፤ አፈሩን ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ መልሼ ተከልኩት። ከዚያ ወዲህ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ሳልሰድ ውኃ አላጠጣም። ቢጫዎቹ ቅጠሎች እንደነበሩ ቀሩ። መስከረም አለቀ፣ ጥቅምት ገባ፤ ጫፉ ላይ ጥንድ ቅጠል ብቅ አለ፦ ነሐስ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ! ደነገጥኩ። ፎቶ አንሥቼ እየሮጥኩ አትክልት ተራ ወረድኩ።

እማማ ስልኬን አራቅ አድርገው አዩት። «የአንዳንዱ ቡና ቀንበጥ እንዲህ ነው የሚወለደው፤ የዘሩ ነው» አሉኝ። «ሳምንት ታገሺው።»

በሳምንቱ አረንጓዴ ሆነ። ከዳር እስከ ዳር፣ ጅማቱም ገላውም!