የእህቶቻችን እሮሮ በአጭር ልብ ወለድ



ልብ ወለድ ሲነሳ በብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የሚሰማው መልስ «ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ሐራሙን አሳምሮ የሚያቀርብ፣ በዲን የሚያላግጥ መጽሐፍ ሞልቷል። ሆኖም ታሪክን በጅምላ መግፋት ተገቢ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ሕይወት ከልጅነት ሕልማቸው አንስቶ ወንድሞቻቸውን ይቅር እስካሉበት ቀን ድረስ በአንድ ሱራ ተርኮልናል። ያ ሐቅ ነው፤ ልብ ወለድ ደግሞ የሰው ፈጠራ ነውና ሁለቱ አይወዳደሩም። ነገር ግን የሰው ልብ በታሪክ እንደሚገሰጽ ከዚያ እንማራለን።

ዛሬ ልናስተዋውቃችሁ የፈለግነው መድብል በእንግሊዝኛ «ሀርት ላምፕ» ይባላል፤ በአማርኛ «የልብ ኩራዝ» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲዋ ወይዘሮ ባኑ ሙሽታቅ በደቡብ ሕንድ የካርናታካ ግዛት የሚኖሩ ሙስሊም ጠበቃ ናቸው። በካነዳ ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2023 ካወጧቸው ታሪኮች መካከል ዲፓ ባስቲ የተባለች ተርጓሚ 12ቱን መርጣ ወደ እንግሊዝኛ መለሰቻቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ2016 አሁን ያለውን መልክ ከያዘ ወዲህ ለአጫጭር ልብ ወለዶች መድብል ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። 50,000 ፓውንዱንም ደራሲዋና ተርጓሚዋ እኩል ተካፍለውታል።

ይሁንና መጽሐፍን የምናነበው ስለተሸለመ አይደለም። ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦች ጥያቄው «ይህ መጽሐፍ ቤታችን ቢገባ ምን ይነግረናል?» የሚለው ነው።

እስቲ ስለ ከፈን የተጻፈውን ታሪክ እንመልከት። አንዲት ሀብታም ሴት ወደ ሐጅ ልትሄድ ስትሰናዳ፣ አንዲት ምስኪን አሮጊት ያጠራቀመቻትን ገንዘብ ይዛ ትመጣና በዘምዘም የተነከረ ከፈን እንድታመጣላት አደራ ትላታለች። ሐጃጇ ለራሷ ዕቃ ስትሸምት አደራውን ትዘነጋዋለች። አሮጊቷ ስትሞት ልጇ ከፈኑን ሊወስድ ይመጣል። ታሪኩ ይኸው ነው! ከሐጅ የሚመለስ ዘመዱን ዘምዘምና ተምር ይዞ ይመጣል ብሎ ለሚጠብቅ የአገራችን ቤተሰብ ይህ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ደራሲዋ ስለ አደራ አንድም ቃል ሳይሰብኩ አደራን እንድንፈራ አድርገውናል።

«ጥቁር እባቦች» የሚለው ታሪክ ደግሞ ሴት ልጆች ብቻ ስለወለደች ባሏ ጥሏት የሄደውን የአሽረፍን መከራ ይነግረናል። አሽረፍ የታመመች ሕፃን ታቅፋ ፍትሕ ፍለጋ መስጊዱ ደጃፍ ትቀመጣለች፤ የመስጊዱ ሙተወሊ ግን ጆሮ አይሰጣትም። ሕፃኗም እዚያው ትሞታለች። መጽሐፉ ስሙን ያገኘበት ታሪክ ውስጥም መህሩን የምትባል እናት ባሏ ሌላ ሴት ወዶ ሲተዋት ወደ ወላጆቿ ቤት ትሸሻለች፤ ወንድሞቿ ግን የቤተሰቡን ስም አታጉድፊ ብለው ወደዚያው ይመልሷታል። ተስፋ ቆርጣ ራሷን ልታጠፋ ስትል ከሞት የምታተርፋት ገና ልጅ የሆነችው ልጇ ናት።

አንባቢ ሆይ! እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አነባበቦች አሉ። አንደኛው፣ ኢስላምን ለመውቀስ ምክንያት የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን አንስቶ «ዲናቸው ሴትን እንዲህ ያደርጋል» ሲል ነው። ይህ ሐሰት ነው። በዚያው በአሽረፍ ታሪክ ውስጥ አንዲት የተማረች ሴት አሽረፍን በኢስላም ያላትን መብት ታስረዳታለች። የተበደለችው መብቷን በነፈጓት ሰዎች ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከእኛው መካከል «ገበናችንን አደባባይ አወጣች» የሚለው ነው። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ2000 ሴቶች መስጊድ ገብተው የመስገድ መብት አላቸው በማለታቸው በአካባቢያቸው ማኅበራዊ መገለል ደርሶባቸዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶችን ከመስጊድ መከልከልን መከልከላቸውን የሚያውቅ ሙእሚን በዚህ ሊያዝን ይገባዋል።

ደግሞስ እሮሮ ማሰማት ነውር ነውን? ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ባሏ በበደላት ጊዜ ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ተከራከረች፤ ስሞታዋንም ለአላህ አቀረበች። አላህም ሰማት፤ የሙጃደላህ ሱራ መጀመሪያም በእርሷ ጉዳይ ወረደ። የሱራው ስም ሳይቀር የተወሰደው ከእርሷ ክርክር ነው። አላህ የሰማውን የተበዳይ ድምፅ እኛ አንሰማም ልንል እንዴት ይቻለናል?

መድብሉ እንከን የለበትም ማለታችን ግን አይደለም። ወንዶቹ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ባል ከዳተኛ፣ ወንድም ፈሪ፣ ሙተወሊ ግዴለሽ ነው። ለሚስቱ ሐቅ የሚጨነቅ ባል፣ ለተበደለች ሴት የሚቆም ዓሊም በኡማችን ውስጥ መኖሩን መጽሐፉ ብቻ ያስተማረው አንባቢ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በብዛት ቢገባበት ዙልሙ ይበልጥ ጎልቶ ይታይ ነበር፤ ጥቁር ጎልቶ የሚታየው በነጭ ላይ ነውና። በአንዳንዶቹ ታሪኮች ውስጥም የዘመድ አዝማዱ ስም ስለሚበዛ ማን የማን እንደሆነ ለመለየት ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ተርጓሚዋ ከዐረብኛና ከኡርዱ የመጡ ቃላትን ያለ ግርጌ ማስታወሻ እንዳሉ መተዋ ለእኛ ይመቸናል፤ ሌላው አንባቢ የሚደናቀፍባቸው ብዙዎቹ ቃላት የቤታችን ቃላት ናቸውና።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ያለው ቤተሰብ የከፈኑን ታሪክ አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ልጁ በአማርኛ እየመለሰ እንዲያነብ ያድርግ፤ ከዚያም «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ። የመህሩንን ታሪክ ግን ለትንንሽ ልጆች አትስጡ፤ ለአካለ መጠን ለደረሱት ስጡና አብራችሁ ተነጋገሩበት። አባቶች ሆይ! ሴት ልጃችሁ ትዳሯ ከብዷት ወደ ቤታችሁ ብትመለስ በሩን ማን እንደሚከፍትላት ዛሬውኑ ንገሯት። ይህን አንድ ቃል መናገር ከቻላችሁ መጽሐፉ ዋጋውን ከፍሏል።

አላህ የተበዳይን ድምፅ ከሚሰሙት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።