ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለችው ደነባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። ደጋው ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ቴርሞሜትሩ 91 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ይቆማል። እንጨት ቢጨመርም፣ እሳቱ ቢቆሰቆስም ከዚያ አያልፍም። 2,840 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህም ትንሽ ዝቅ ይላል። ተማሪው በመጽሐፉ ያነበበው ግን 100 ነው፤ ለፈተናም የሸመደደው ይህንኑ ቁጥር ነው። ሙከራው በደጋ ትምህርት ቤት ሲደረግ ከቡድኖቹ ቶሎ የሚሰማው ቃልም አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!»

ሌሎቹ ምንም ሳይሉ ደብተራቸው ላይ 100 ብለው ይጽፋሉ። ዓይናቸው 91 እያየ እጃቸው 100 ይጽፋል። ተማሪን ከክፍል አውጥቶ በእጁ የሚያስተምር ሰው ሙያው የሚፈተነው በዚህች ቅጽበት ነው። ወዲያው ስለ አየር ግፊት ማብራራት ይቻላል፤ ልጆቹም ይጽፉታል፤ ነገር ግን አንዱን የመምህር ቃል በሌላ የመምህር ቃል ከመተካት አያልፍም። የተሻለው መምህር ዝም ይላል። ሌላ ቴርሞሜትር ይሰጣቸዋል። ከጎን ያለው ቡድን ስንት እንዳገኘ ሄደው እንዲያዩ ይልካቸዋል። አምስት ቡድን አምስት ጊዜ 91 አካባቢ ሲያገኝ፣ ጥያቄው «ምን ተበላሸ?» መሆኑ ይቀርና «እዚህ ምን ልዩ ነገር አለ?» ይሆናል። ያኔ ስለ ከፍታና ስለ አየር ግፊት የሚነገረው ሁሉ ሰሚ ያገኛል። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል ለምን እንደሚቆይ፣ እናቶች ለንፍሮ የሚሆነውን እህል ለምን ቀድመው እንደሚዘፈዝፉም በዚያው ይነሳል።

የመስክ ትምህርት በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ከተመሠረተ ወዲህ አባላቱን ይዞ ወደ ሐይቅና ወደ ደን መውጣትን ልማድ አድርጓል፤ በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበቦችን ደግፏል፤ ለተማሪዎችም «አጋዘን» የተባለ መጽሔት አሳትሟል። አዲስ አበባ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አላት፤ ቢሾፍቱ የፎቃ ስቴም ማዕከል አላት። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው። ለደነባ ልጅ ግን ሩቅ ናቸው፤ አውቶቡስ፣ ገንዘብና የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በዓመት አንዴ ቢሳካ እንኳ ጉዞው ራሱ የቀኑ ትልቅ ጉዳይ ይሆንና ሳይንሱ በመስኮት ያልፋል። ደነባ ያለችበት የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ትምህርት ቤት ከአጥሩ ውጭ ያለውን ይዞ ቢነሳ ግን ለዓመት የሚበቃ ትምህርት አለው።

መጀመሪያ አፈሩ አለ። የደነባና የእነዋሪ ሜዳ መረሬ ነው፤ የአፈር ባለሙያዎች ቨርቲሶል ይሉታል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንዲህ ያለ አፈር እንዳለ ይነገራል። ቢያንስ 30 በመቶው ሸክላ ነው፤ ያውም ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት ነው። ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ክረምት ላይ በሬው ይሰምጣል፣ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፤ በጋ ላይ ደግሞ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ልጁም ይህን እያየ አድጓል። ያልሠራው ነገር ቢኖር መለካት ነው።

ጥር ላይ አንድ ቀጭን ሽቦና አንድ ማስመሪያ በቂ ነው። ሽቦው ስንጥቁ ውስጥ እስኪቆም ይገባል፤ በጣት ተይዞ ይወጣል፤ ይለካል፤ ይጻፋል። ሁለት ልጆች አንዱን ስንጥቅ ለየብቻ ቢለኩ ውጤታቸው ይለያያል። ሽቦው ጎበጥ ብሎ ይሆን? አንዱ ገፍቶት ይሆን? ክርክሩ ይጀመራል። ቀጥሎ ታችና ላዩ የተከፈተ የዘይት ቆርቆሮ አፈሩ ውስጥ በመዶሻ ይተከልና አንድ ኩባያ ውሃ ይፈስበታል። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ላይ ውሃው ሳይቆጠር ይጠፋል። ያው ቆርቆሮ በመስከረም፣ አፈሩ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ፣ እዚያው ቦታ ቢተከል ውሃው አልሄድም ብሎ ይቆያል። ቦታው አንድ፣ ቆርቆሮው አንድ፣ ኩባያው አንድ፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የጻፈ ልጅ ስለ ሸክላ የሚነበብለትን ትርጉም መሸምደድ አያስፈልገውም።

አንድ ቆንጠር ያህል እርጥብ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሹ ወደ ውጭ መግፋትም አለ። አሸዋማ አፈር ቶሎ ይቆረጣል፤ መረሬው ግን ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ እየተሳበ ይወጣል። ይህ ምንም ዕቃ አይጠይቅም፤ እጅ መታጠቢያ ውሃ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ እነዋሪ ማሳዎች መሄድ ትርጉም ይኖረዋል። በዚያ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው አፈሩን በእጅ እየዛቁ ሰፋ ያለ መደብ ይሠሩ ነበር፤ የተኛው ውሃ በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ እንዲወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ፣ ማለትም ያኔ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል የነበረው ተቋም፣ ከአገር ውስጥ ምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ይህንኑ ሥራ የሚያቀልል በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ከባህላዊው ማረሻ ሠርቷል፤ ሁለት ማረሻ ተያይዞ መደቡን ያወጣል። የውሃውን ኩባያ ይዞ የቆየ ተማሪ መደቡን ሲያይ መልስ ያያል። ጥያቄውን ያልያዘ ተማሪ ግን የታረሰ መሬት ብቻ አይቶ ይመለሳል። ከጉብኝት በፊት ጥያቄው በልጁ እጅ መግባት አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው።

የትምህርት ዘመኑ ከዝናቡ ጋር አለመገናኘቱ ያሳዝናል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ተፈጥሮ በሙሉ ኃይሏ በምትሠራበት ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ፈጠን ማለት ያስፈልጋል። ባቄላው ገና አረንጓዴ እያለ፣ የማሳው ባለቤት ፈቅዶ፣ ዳር ዳሩን ጥቂት እግር ባቄላ በአንካሴ ዙሪያውን ፈንቅሎ ማውጣት ይቻላል። ጎትቶ መንቀል አይሆንም፤ ዋናው ነገር አፈሩ ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። ሥሩ በውሃ በቀስታ ሲታጠብ ትናንሽ እባጮች ይታያሉ። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ይመስላቸዋል። አንዱን እባጭ በጥፍር ሰንጠቅ ሲያደርጉት ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እባጩ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እየሠሩ ነው፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ እየለወጡ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራው አልተጀመረም ወይም አልቋል።

ይህን ሲያዩ ልጆቹ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ ስለ ስንዴ ይጠይቃል፤ የስንዴው ሥርም ይወጣል፤ እባጭ የለውም። አባቱ ባቄላ በነበረበት መሬት በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ለምን እንደሚዘራ ያኔ ለመምህሩ የሚያስረዳው ልጁ ራሱ ነው። ከልጁ አፍ እስኪወጣ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ክፍለ ጊዜውም ያጥራል። ቢሆንም መጠበቅ ይሻላል።

እንዲህ ያለው እይታ የት እንደሚያደርስ ለማሳየት ከአክሊሉ ለማ የተሻለ ታሪክ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት ዐድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከሌላ ቦታ በሕይወት ያሉትን ሰብስቦ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ከአጣቢዎቹ አንዷን ለመነ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ምርምሩ ለዓመታት ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1989 እሱና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የመጀመሪያው ሙከራ ዕቃ ግን አንድ መያዣና የልብስ አረፋ ነበር። እንዶድን የማያውቅ የሰሜን ሸዋ ልጅ ጥቂት ነው፤ ታሪኩ በጣም የሚቀርበውም ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቴርሞሜትር፣ አጉሊ መነጽር፣ የሚታመን ሚዛን ያስፈልጋል፤ «አካባቢው ቤተ ሙከራ ነው» የሚለው አባባል ዕቃ ላለመግዛት ምክንያት ሲደረግ መታየቱም ያሳስባል። ስልሳ ልጅ አንድ ቴርሞሜትር ከበበ ማለት ሃምሳ አምስቱ አላየም ማለት ነው።

ከእርሻው ወደ ጀማ ሸለቆ ጫፍ ሲወጣ ሥራው ይለወጣል። ገደሉ ራሱ ንብርብር ነው፤ ላዩ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና በጥንት ባሕር የተሠራ የኖራ ድንጋይ። ልጆቹን የሚስበው ግን ጭላዳው ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም የለም፤ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል። መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እየተከታተሉ መዝግበውታል፤ ዘዴያቸውም በመሠረቱ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ እንስሳ ይመርጣል፤ መምህሩ በየደቂቃው ያፏጫል፤ ፉጨቱ በተሰማበት ቅጽበት እንስሳው የሚያደርገው ብቻ ይመዘገባል፦ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ያርፋል፣ የሌላውን ጸጉር ይፈትሻል።

እዚህ ላይ ከባዱ ነገር ርቀት መጠበቅና ከገደሉ ጫፍ መራቅ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ልጆች ገብስ ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው፤ ጭላዳ ለእነሱ ሰብል አጥፊ ነው፤ ቂማቸውም እውነተኛ ነው። «ሊሰርቅ ያስባል» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። መምህሩ «ማሰቡን በምን አየኸው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይቆጣም። በመጨረሻ ምልክቶቹ ሲደመሩ አብዛኛው ጊዜ ሣር በመንጨት እንዳለፈ ይወጣል። ይህ የልጁን ቂም አያጠፋውም፤ ማጥፋትም የለበትም፤ የአባቱ ገብስ ተበልቷል። ነገር ግን ከቂሙ አጠገብ አንድ ቁጥር ተቀምጧል።

አንዳንድ ነገር ከትምህርት መሣሪያው በፊት ይታሰብ። የማሳው ባለቤት ዋዜማውን ቤቱ ድረስ ተሂዶ ይጠየቃል፤ «አባባ፣ ልጆቹ ዳር ዳሩን ጥቂት እግር ባቄላ ነቅለው ሊያዩ ነው፣ ይፈቅዳሉ?» ሲባል አብዛኛው ገበሬ መፍቀድ ብቻ ሳይሆን አብሮ ይወርዳል፤ ከመምህሩ ያልተናነሰም ያስተምራል። ቀኑ በሚካኤል ወይም በበዓለ ወልድ እንዳይውል ይታያል፤ በበዓል ቀን አፈር የሚቆፍር የተማሪ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ማሳ አያገኝም። ሩቅ መንገድ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ስላለ ቆሎ ይያዛል።

ለሚያዝያ የሚሆን ሥራም አለ፤ እስካሁን ከተነገሩት ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ደነባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ ሚያዝያ 7 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ አናቷ ላይ ትቆማለች። ነሐሴ 22 አካባቢም እንዲሁ ትመለሳለች፤ ያኔ ግን ደመና ነው፣ ትምህርትም የለም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጥላን በጫማ እየለኩ ሰዓት ሲያውቁ ስለኖሩ ሥራው ለአገሩ አዲስ አይደለም። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት በቱንቢ ተስተካክሎ ግቢው ውስጥ ይተከላል። ከመጋቢት ጀምሮ የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን እያጠረ ይመጣል፤ ሚያዝያ 7 ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ መውደቅ ይጀምራል። መቐለ ከደነባ በስተ ሰሜን በተመሳሳይ መስመር ላይ ማለት ይቻላል ትገኛለች። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀትር፣ መቐለ ያለ ትምህርት ቤት አንድ ሜትር እንጨት ቢተክል ጥላው 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህ 3.7 ዲግሪ ማዕዘን ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 415 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በ360 ተባዝቶ ለ3.7 ሲካፈል የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት በግብፅ የሠራው ይህንኑ ነው። የሚያስፈልገው ሁለት እንጨት፣ ሁለት ማስመሪያ፣ ቁጥር የሚለዋወጡበት አንድ ስልክና ሚያዝያ 7 ከሰዓቱ ቀደም ብለው ግቢ የሚወጡ ሁለት መምህራን ነው።