«አልተገኘም» ከየት ይመጣል?

በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ የሠርግ ቪዲዮ በሚያዘጋጅ ፎቶ ቤት ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ዲቪዲ ራይተሩ «አልተገኘም» ሲል፣ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ ፎርማት ነው። ይህ ነገሩን ከጫፉ መያዝ ነው። መልእክቱን የሚያወጣው ዲስክ ላይ የሚጽፈው («በርን» የሚያደርገው) ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ያሳወቀውን ብቻ ነው፤ ከርነሉም የሚያየው በኬብል የደረሰውን ነው፤ ኃይል የማያገኝ ራይተር ደግሞ በኬብሉ የሚልከው ነገር የለውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሥራ ቅደም ተከተል ነው፦ ፍተሻው ከኃይል ተነሥቶ ወደ ፕሮግራሙ ይወጣል።

ቁልፉ ሲጫን የዲስክ ማስቀመጫው ከወጣ ኃይል አለ ማለት ነው፤ የዳታ ኬብሉ ደህና መሆኑን ግን አያረጋግጥም። እሱን የሚመሰክረው ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ ነው፤ ራይተሩ እዚያ ከተዘረዘረ ኬብሉ መልእክት ያደርሳል። ቀጥሎ በ«ዲሜሴጅ» (dmesg) ትእዛዝ የከርነሉ መዝገብ ይነበባል። ራይተሩ «ኤስ አር ዜሮ» (sr0) የሚል ስም አግኝቶ ፕሮግራሙ ካላየው፣ ችግሩ የፈቃድ ሊሆን ስለሚችል ተጠቃሚው «ሲዲሮም» (cdrom) በሚባለው ቡድን ውስጥ መኖሩ ይታያል። በዩኤስቢ የሚሰካው ራይተር የራሱ ጠባይ አለው፦ የዩኤስቢ 2.0 ወደብ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ስለሆነ፣ ራይተሩ ሲያነብ ደህና ሆኖ መጻፍ ሲጀምር ሊጠፋ ይችላል። የቆየ ምክርም ያሳስታል። በድሮው የአይዲኢ ኬብል የሚሰካን ራይተር ስካዚ የተባለ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አስመስሎ ማቅረብ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከርነል 2.6 በፊት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ያንን መከተል ችግር መጨመር ነው።

«ይህን ሁሉ ከመድከም አዲስ መግዛት አይሻልም?» ይባላል። ጥፋቱ የኬብሉ ከሆነ ግን አዲሱም አይታይም፤ ዕቃው ደግሞ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከጎንደር የሚመጣ ከሆነ ኪሳራው እጥፍ ነው። እርግጥ ሌዘሩ ያረጀ ራይተር በትእዛዝ አይድንም፤ ሆኖም እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይታያል፣ ዲስኩን ነው የማይጽፈው። አለመታየትና አለመጻፍ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። «ፍላሽ እያለ ዲስክ ለምን?» ለሚሉም፣ ለማመላለስ ፍላሽ እንደሚቀል አምናለሁ። ፍላሽ ግን ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ቫይረስ ያዞራል፣ የያዘው ፋይልም በስሕተት ይጠፋል። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲቪዲ ተጽፎ ከተዘጋ በኋላ ግን ማንም በላዩ አይጽፍበትም፤ ከጭረትና ከፀሐይ መጠበቅ ግን አለበት።

ፎርማት አንዳንዴ የሚሠራ መምሰሉ ነው ብዙ ሰው የሚያሳምነው። ኮምፒውተሩ ሲነቀልና ሲነሣ የላላው ኬብል በአጋጣሚ ይገጥምና ምስጋናው ለፎርማቱ ይሰጣል፤ ባለሙያው ግን ምን እንደዳነ አላወቀም፣ ኬብሉ ነገም ይላላል። ሊኑክስ ያገኛቸውን መሣሪያዎች በመዝገብ ያስቀምጣል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀንም መዝገቡ ይነበባል። ይህ መዝገብ እያለ ሳያነቡ የደንበኛን ፋይል ማጥፋት በሙያው ላይ የሚፈጸም በደል ነው።