የሰው አእምሮና የሰው ሚዛን
(ስለ ካርል ብሪገም መጽሐፍ የቀረበ ሒስ)

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ካርል ብሪገም በ1923 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካኖች የአእምሮ ችሎታ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፉ ዛሬ ብዙ አንባቢ የለውም። ነገር ግን የሕዝቦችን የፈተና ውጤት አነጻጽሮ አንዱን ወገን በተፈጥሮው ብልህ፣ ሌላውን ደካማ የሚያሰኘው ክርክር በየጊዜው ስለሚታደስ፣ ሥሩን ለማወቅ የሚወድ ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሊመረምረው ይገባል።

አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነት በገባች ጊዜ፣ በሮበርት ዬርክስ የሚመሩ ሊቃውንት ከ1,700,000 በላይ ምልምሎችን ፈተኑ። እንግሊዝኛ ለሚያነቡት «አልፋ»፣ ለማያነቡት በሥዕል የተዘጋጀው «ቤታ» ተሰጠ። ብሪገምም ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ፣ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች በአእምሮ የበለጡ፣ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች፣ ጥቁሮችም ያነሱ ናቸው ብሎ ፈረደ።

ደራሲው ቁጥሮቹን በትጋት አሰናድቶ ለሁሉ ግልጥ ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ ፍርዱን የሚያፈርሰው ምስክር ግን ከዚያው ከቁጥሩ ይወጣል። በአሜሪካ ጥቂት ዓመት የቆዩ ስደተኞች ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከ20 ዓመት በላይ የቆዩት ግን ከአገሩ ተወላጆች ጋር ተስተካክለው ተገኙ። ቋንቋውንና ልማዱን መልመዳቸው ነው በማለት ፈንታ፣ ብሪገም ኋላ የመጡት በዘራቸው የከፉ ናቸው አለ። ደግሞም በዚያው በሠራዊቱ መዝገብ፣ የኦሃዮና የኢሊኖይ ጥቁሮች በአልፋ ፈተና ከሚሲሲፒና ከአርካንሳስ ነጮች በልጠዋል። ልዩነቱ ከደም ብቻ ከሆነ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ጥያቄዎቹም ራሳቸው ይመሰክራሉ። በአልፋ ስለ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ሙያ ይጠየቅ ነበር፤ በቤታም መረብ የጎደለውን የቴኒስ ሜዳ ሥዕል መሙላት ያስፈልግ ነበር። ከኢጣልያ መንደር ትናንት የመጣን ገበሬ ይህን መጠየቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ከቅኔ ቤት ያልዋለ ሰው ቅኔ ባይቆጥር፣ አእምሮ የለውም የሚል መምህር ማን ነው?

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። በ1924 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ስደተኞችን እጅግ ቀነሰ። የሕጉ ምክንያት ይህ መጽሐፍ ብቻ ነው ማለት ከእውነት መራቅ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ለነበረው ጥላቻ የዕውቀት ልብስ አልብሶታል። ብሪገም በ1930 ቃሉን መለሰ፤ ጥናቱም መሠረት እንደሌለው በጽሑፍ አስታወቀ። ይህ ለራሱ ክብር ነው፤ በሩ ግን ለተዘጋባቸው አልተከፈተላቸውም፤ ያ የኮታ ሥርዓት እስከ 1965 ጸንቶ ኖረ።

ክርክሩ በ1994 በኸርንስታይንና በመሪ መጽሐፍ እንደገና ተነሣ። በወገኖች መካከል የውጤት ልዩነት መታየቱ የማይካድ ነው፤ ጥያቄው ስለ ምክንያቱ ነው። ጀምስ ፍሊን በ1980ዎቹ እንዳሳየው፣ በብዙ አገሮች የልጆች ውጤት ከአባቶቻቸው ከፍ ብሎአል፤ የሕዝብ ደም ግን በአንድ ትውልድ አይለወጥም። እንግዲህ ትምህርትና ኑሮ የሚያነሡትንና የሚጥሉትን ቁጥር የተፈጥሮ ማኅተም ማድረግ ችኮላ ነው።

በወንጌል የመክሊቱ ጌታ አገልጋዮቹን ሲቆጣጠር እያንዳንዱን በተሰጠው መጠን ጠየቀ እንጂ የማን ወገን ነህ አላለም። የሰውን አእምሮ የሚመዝን ሁሉ፣ ከተመዛኙ አስቀድሞ ሚዛኑን ይመርምር።