ስሙ የማይጠራው ገምጋሚ

በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍል የተሰናዳ ግሩም ጽሑፍ ሳነብ፣ ምስጋናዬ ከጸሐፊው አልፎ ለገምጋሚው ይደርሳል። «ጥሩ ጽሑፍ» የሚለው ማዕረግ የሚሰጠው በዝግጅቱ እጁ የሌለበት ሌላ በጎ ፈቃደኛ ከመረመረው በኋላ ነው። ገምጋሚው ምንጮቹን ይከፍታል። «ተቺዎች ወደዱት» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኘ የትኛው ተቺ፣ የት ጻፈ ብሎ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የታሪኩ ማጠቃለያ ነው፤ መመሪያው ከ400 ቃላት እንዳይበልጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተላለፈውን፣ ሞይራ ዋሊ-ቤኬት ጽፋው ራያን ጆንሰን ዳይሬክት ያደረገውን የ«ብሬኪንግ ባድ» ክፍል «ኦዚማንዲያስ»ን በዚያ ልክ መተረክ ምን ያህል መተው እንደሚጠይቅ አስቡት! ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የለም። እናንተም ስታነቡ «ውይይት» የሚለውን ገጽ ክፈቱ፤ ድካሙ እዚያ ተመዝግቧል።